የክራምስኮይ «ያልታወቀች ሴት»፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን ክራምስኮይ በ1883 የሠራው ይህ የዘይት ቀለም ሥዕል በመጽሐፍ ሽፋን፣ በፖስትካርድና በግድግዳ ፖስተር ዓለምን ዞሯል። ሥዕሉን እንጂ ሠዓሊውን የማያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሴትየዋን ደግሞ የሚያውቃት የለም። ጥያቄዎቹም በአብዛኛው የሚነሡት ከዚሁ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴትየዋ ማን ናት?

አይታወቅም። ክራምስኮይ ደብዳቤ መጻፍ የሚወድ ሰው ነበር። ስለ ሥራዎቹ፣ ስለ ገንዘብ ችግሩ፣ ስለ ጓደኞቹ ጠባይ ሳይቀር ጽፏል። ስለዚህች ሴት ማንነት ግን በደብዳቤውም ሆነ በማስታወሻው አንድ ቃል አልተወም። ሥዕሉንም ለሕዝብ ሲያቀርበው «ያልታወቀች» ብሎ ብቻ ሰይሞታል።

ሰው ግን ዝም አላለም። አንዳንዶች የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ አሌክሳንደር ቅምጥ የነበረችው፣ በኋላም ያገባት የካተሪና ዶልጎሩኮቫ ናት አሉ። ሌሎች አንድ መኳንንት ከገጠር አምጥቶ ያገባት፣ ከዚያም በባሏ ዘመዶች የተገፋች ቆንጆ የገበሬ ልጅ ናት የሚል ታሪክ ያወራሉ። የሠዓሊው ልጅ ሶፊያ ሞዴል ሆና ተቀምጣ ይሆናል የሚሉም አሉ። ሶፊያ በዚያን ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበረች፤ አባቷ ደጋግሞ ሥሏታል፤ በኋላም ራሷ ሠዓሊ ሆናለች። ከእነዚህ ግምቶች አንዱም በሰነድ የተደገፈ አይደለም። ከሁሉም ለእውነት የሚቀርበው ግምት ምናልባት ሠዓሊው ከብዙ ፊቶች የሰበሰባት ሴት ናት የሚለው ነው። ይህ መልስ ወሬ ወዳዱን ስለማያረካ ግን ብዙ አይነገርም።

በእኔ አስተያየት ስሟን ማሳደድ ከሥዕሉ ዓይናችንን የሚያነሣ ሥራ ነው። ክራምስኮይ ስም መስጠት ሲፈልግ ይሰጥ ነበር። የገጣሚው የኔክራሶቭን፣ የደራሲው የቶልስቶይን፣ የሠዓሊው የሺሽኪንን ምስል ከነስማቸው ሥሏል። እዚህ ስሙን የነፈገን አስቦበት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ውሳኔ ውጤት ነው።

ሥዕሉ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

በበረዷማ የክረምት ጠዋት፣ ጭጋግ በሸፈነው ከተማ፣ አንዲት ወጣት ሴት ጣራው በተከፈተ ሠረገላ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ለብሳለች። ነጭ የሰጎን ላባ ያለበት ትንሽ የከፋይ ባርኔጣ ደፍታለች። እጆቿን በጸጉራም የእጅ ማሞቂያ ውስጥ ከታለች፤ በአንደኛው እጇ ላይ የወርቅ አምባር ብልጭ ይላል። ሠረገላውን የሚነዳው ሰው ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል፤ ፈረሶቹም አይታዩም። ከጎኗም ማንም የለም።

ሸራው ወደ ጎን የተዘረጋ ነው፤ ከፍታው 75.5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 99 ሴንቲ ሜትር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የሚታይበት ምስል አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ በቆመ ሸራ ላይ ይሠራል። ክራምስኮይ አጋደመው፤ በዚህም ለከተማው ቦታ ሰጠ፤ ሴትየዋንም ከሠዓሊ መሥሪያ ክፍል ወንበር አንሥቶ መንገድ ላይ አወጣት።

ቦታው የት ነው?

ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኔቭስኪ ጎዳና፣ በአኒችኮቭ ቤተ መንግሥት አጠገብ። ከኋላዋ የቤተ መንግሥቱ ግቢ ሕንፃዎችና የአሌክሳንድሪንስኪ ቴአትር በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ዛሬም ቦታውን ሳይቸገር ያገኘዋል። በዚያ ዘመን አኒችኮቭ የንጉሠ ነገሥቱ የሣልሳዊ አሌክሳንደር መኖሪያ ነበር፤ ጎዳናው ደግሞ ሀብታም ልብሱንና ፈረሱን የሚያሳይበት የከተማው ዋና መንገድ ነው። ሴትየዋ ከዚያ ሁሉ ሕንፃ ፊት ቀድማ መቀመጧ፣ ቤተ መንግሥቱም ከትከሻዋ በስተኋላ እንደ ጭስ ደብዝዞ መቅረቱ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

በ1883 ሕዝቡ ለምን ተንጫጫ?

በልብሷ ምክንያት። ዛሬ ስናያት የተከበረች የመኳንንት ልጅ ትመስለናለች። የዚያን ጊዜው ተመልካች ግን ልብስ ማንበብ ያውቅ ነበር፤ ያነበበውም ሌላ ነው።

አንድ በአንድ እንየው። ባርኔጣዋ በወቅቱ «ፍራንሲስ» ይባል የነበረ፣ አዲስ የወጣ ዓይነት ነው። ካፖርቷ «ስኮቤሌቭ» ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው በ1882 ከሞተው ዝነኛ የጦር ጄኔራል ነው። የጀግና ስም በሴት ካፖርት ላይ መዋሉ ፋሽን የትም ቢሆን የማይፈራው ነገር እንደሌለ ያሳያል። ካፖርቱ ዋጋው አይቀመስ በነበረው፣ ሳብል በተባለ የዱር እንስሳ ጸጉር ተከፍፏል፤ ሰማያዊ የሳቲን ጥብጣብም አለው። ጓንቷ በጣም ከሳሳ ቆዳ የተሰፋ «ስዊድናዊ» የሚባለው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የእጅ ማሞቂያው፣ በዚያ ላይ አምባሩ።

እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ነውር የለበትም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የፒተርስበርግ ባላባት ሴት የማታደርገው ነገር ይሆናል። በዚያ ክበብ ውስጥ ያደገች ሴት ፋሽንን ተከትላ እንዳልሮጠች ለማስመሰል ትጥራለች፤ የወጣውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መደረብ የአዲስ ሀብታም ወግ ነው። በዚህ ላይ ሴትየዋ ያለ ባል፣ ያለ እናት፣ ያለ አጃቢ ብቻዋን በክፍት ሠረገላ ወጥታለች። ተመልካቹም ደመረና ፈረደ፦ የሀብታም ቅምጥ ናት።

ሐያሲው ቭላድሚር ስታሶቭ፣ ክራምስኮይ የነበረበት የሠዓሊዎች ማኅበር ዋና ደጋፊ ሆኖ ሳለ፣ ሥዕሉን በሠረገላ ላይ ያለች ቅምጥ ብሎ ጠርቶታል። ሌላው ተቺ ኮቫሌቭስኪ ደግሞ ትልልቅ ከተሞች ከሚወልዷቸው ክፉ ፍጥረታት አንዷ አድርጎ ቆጠራት። ሴትየዋ በበኩሏ ዓይኖቿን ዝቅ አድርጋ ፈራጆቹን ከላይ ወደ ታች ትመለከታቸዋለች። የሥዕሉ ጉልበት ይህ ነው። ይቅርታ አትጠይቅም፤ አታፍርም፤ አትለማመጥም። ያለ ቦታዋ የተቀመጠች ሴት ናት ያለው ሕዝብ፣ አንገቷን ደፍታ ቢያገኛት ኖሮ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋት ነበር። ያናደደው ቀና ማለቷ ነው።

የተናቀች ሴት ናት ወይስ የምትንቅ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ፊቷን ለብቻው ከፍላችሁ እዩት። አፏ ተዘግቷል፤ አገጯ በትንሹ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ ይህ ኩራት ነው። ዓይኖቿ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ። ሽፋሽፍቶቿ ከብደው ዝቅ ብለዋል፤ በዓይኖቿ ውስጥ ያለው እርጥበት እንባ ነው ብለው የሚከራከሩ ተመልካቾች አሉ። እኔ እንባ አላየሁበትም፤ ድካም ግን አይቼበታለሁ።

ሠዓሊው ማን ነበር?

ኢቫን ኒኮላየቪች ክራምስኮይ በ1837 በደቡብ ሩሲያ ቮሮኔዥ አውራጃ፣ ኦስትሮጎዥስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ ነበር። በ16 ዓመቱ ከአንድ ተጓዥ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ተቀጥሮ ፎቶግራፎችን በብሩሽ እያረመ ከከተማ ከተማ ዞረ። በ1857 ፒተርስበርግ የሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ጥበባት አካዳሚ ገባ።

እዚያ ያደረገው ነገር በሩሲያ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ከሥዕሎቹ ባልተናነሰ ይነሣል። በ1863 አካዳሚው ለከፍተኛው ሽልማት የሚወዳደሩ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ርዕስ እንዲሥሉ አዘዘ፤ ርዕሱ በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ የአማልክት ግብዣ ነበር። ተማሪዎቹ ርዕሳችንን እኛው እንምረጥ ብለው ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በክራምስኮይ መሪነት 14ቱ ጥለው ወጡ። ሽልማቱ ለዓመታት በመንግሥት ወጪ ወደ ውጭ አገር መሄድ የሚያስችል ነበርና ያጡት ነገር ትንሽ አይደለም። ከዚያ አንድ ቤት ተከራይተው በማኅበር እየኖሩ እየሠሩ ቆዩ። በ1870 ደግሞ ክራምስኮይ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የተጓዥ ዐውደ ርእዮች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ሥዕልን ከዋና ከተማው ከፒተርስበርግ አውጥቶ ወደ ኪየቭ፣ ወደ ካርኮቭ፣ ወደ ኦዴሳ ይዞ ይሄድ ነበር። «ያልታወቀች ሴት» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በዚሁ ማኅበር 11ኛ ዐውደ ርእይ ላይ ነው።

ክራምስኮይ በ1887፣ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው፣ የአንድ ሐኪም ምስል እየሣለ ሳለ ብሩሹን እንደያዘ ወድቆ ሞተ።

ፎቶግራፍ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ግማሹ መልስ ከላይ ተነግሯል፤ ሠዓሊው እንጀራውን የጀመረው በፎቶግራፍ ነው። ፊት ላይ ብርሃን የት እንደሚያርፍ፣ ጥላ ከአፍንጫ ሥር እንዴት እንደሚወርድ በልጅነቱ እጁ ለምዶታል።

ግን ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሁሉም ቦታ እኩል እንዳልተለፋበት ይረዳል። ፊቷ ላይ የብሩሹ ምት እስኪጠፋ ድረስ ቀለሙ ለስልሷል። የካፖርቱ ጸጉር፣ የከፋዩ ጥልቅ ጥቁረት፣ የሳቲኑ ቀዝቃዛ ብልጭታ እያንዳንዳቸው በተለያየ አያያዝ ተሠርተዋል፤ ዓይን ብቻውን የትኛው ለስላሳ፣ የትኛው ሻካራ እንደሆነ ይለያል። ከኋላዋ ያለው ከተማ ግን በሳሳ ቀለም፣ ጫፉ እየቀለጠ፣ ወደ ሐምራዊና ቢጫ በሚያደላ ጭጋግ ውስጥ ተጥሏል። የዘመኑ ፎቶግራፍ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ ቀለም አልነበረውምና። የሴትየዋ ጠርዝ ከዚያ ጭጋግ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ሌላው ብልሃት የዓይን ከፍታ ነው። ሠዓሊው ተመልካቹን ያቆመው ከሠረገላው በታች፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ ነው። ሥዕሉ ፊት የቆመ ማንኛውም ሰው፣ ፈለገም አልፈለገም፣ ሠረገላ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያይ እግረኛ ይሆናል። ሀብታም ሰው ለሠዓሊ ከፍሎ ራሱን ሲያሥል ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። እዚህ ግን ያ ከፍታ የተሰጠው ኅብረተሰቡ ዝቅ ብላ እንድትኖር ለፈረደባት ሴት ነው።

ሪያሊዝም ሲባል ታዲያ ምን ማለት ነው?

የክራምስኮይና የተጓዥ ዐውደ ርእዮች ማኅበር አሣሣል ሪያሊዝም ይባላል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ይህ ነገሩን አስመስሎ መሣል ብቻ አልነበረም። የራስን ዘመን፣ የራስን አገር ሰው፣ ከነማኅበራዊ ቦታው ማሳየት ነው። ክራምስኮይ በእነዚያው ዓመታት ሚና ሞይሴየቭ የተባለ ሽማግሌ ገበሬን ሥሏል፤ የተሸበሸበ ፊት፣ የነተበ ሰማያዊ ሸሚዝ። ገበሬውም ሆነ ባለሠረገላዋ ለእርሱ እኩል የዘመኑ ምስክሮች ናቸው። ልዩነቱ ገበሬው ስም ያለው መሆኑ ነው።

አና ካሬኒና ናት ይባላል። እውነት ነው?

አና ካሬኒና በስሟ የተሰየመው የቶልስቶይ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ሥዕሏ እርሷ ለመሆኗ ማስረጃ የለም፤ ግምቱ ግን ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ክራምስኮይ በ1873 ወደ ሌቭ ቶልስቶይ ርስት ወደ ያስናያ ፖልያና ሄዶ የደራሲውን ምስል ሥሏል። ቶልስቶይ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ሠዓሊው ተከራክሮ አሳመነው፤ በመጨረሻም ሁለት ምስል ሠራ፣ አንዱ ለቤተሰቡ ቀረ። ደራሲው በዚያ ወቅት ይጽፍ የነበረው ይህንኑ ልብ ወለድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የአናን ምስል የሚሥል ሚኻይሎቭ የሚባል ሠዓሊ አለ፤ ቶልስቶይ ለእርሱ ከክራምስኮይ ጠባይ ወስዷል የሚል አስተያየት በሰፊው ይነገራል።

ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ተዋውቀዋል፤ አንዱ ሌላውን በሥራው ውስጥ አኑሯል። ከዚህ ተነሥቶ ሥዕሏ አና ናት ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቶልስቶይ የአና ዓይኖች ግራጫ እንደነበሩ፣ ከሽፋሽፍቷ ብዛት የተነሣ ጥቁር እንደሚመስሉ ጽፏል። የዚህችኛዋ ዓይኖች እውነተኛ ጥቁር ናቸው። የልብ ወለዱ አሳታሚዎች ግን ይህ አላስጨነቃቸውም፤ በየአገሩ ሽፋን ላይ ሲያትሟት ኖረዋል። ብዙ አንባቢ አናን በዚህች ሴት ፊት የሚያስባት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያ ንድፍ አለው?

አዎ። በፕራግ በግለሰብ እጅ የሚገኝ ጥናት አለ። እዚያ ያለችው ሴት ፊቷ ሻካራ፣ አመለካከቷ ይበልጥ ደፋርና ትዕቢተኛ ነው። ክራምስኮይ ወደ ትልቁ ሸራ ሲሸጋገር ፊቱን አረመው፤ አጠራው፤ ክብር ሰጠው። በንድፉ ላይ ያለችውን ሴት ቅምጥ ናት ማለት ቀላል ነው። በመጨረሻው ሥራ ላይ ግን ልብሱ አንድ ነገር፣ ፊቱ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ተመልካቹም በሁለቱ መካከል ይወዛገባል። ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሠዓሊው አሻሚነቱን ፈልጎ እንዳመጣው አይጠራጠርም።

ትሬትያኮቭ ለምን አልገዛውም? ሥዕሉስ እንዴት ወደ ጋለሪው ገባ?

ጋለሪው በስሙ የሚጠራው ፓቬል ትሬትያኮቭ የሞስኮ ነጋዴ ነበር፤ የክራምስኮይም ዋና ገዢ። «ክርስቶስ በበረሃ» የተባለውን የ1872 ሥራውን በ6000 ሩብል ገዝቶታል። ይህኛውን ግን አልወሰደውም። ምክንያቱን በተመለከተ ብዙ ተወርቷል፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ አስፈርቶት ነው የሚለው በብዛት ይሰማል፤ ለእኔ ግን ከወሬ የዘለለ ክብደት የለውም።

ሥዕሉ በግል ሰዎች እጅ ቆይቶ የስኳር ፋብሪካዎች ባለቤት የነበረው የባለጸጋው ፓቬል ካሪቶኔንኮ ንብረት ሆነ። የካሪቶኔንኮ ቤት ከክሬምሊን ፊት ለፊት በወንዙ ማዶ ይገኛል፤ ዛሬ የእንግሊዝ አምባሳደር መኖሪያ ነው። ከ1917 አብዮት በኋላ የሀብታሞች ስብስቦች ሲወረሱ ሥዕሉም የመንግሥት ሆነ፤ በ1925 ትሬትያኮቭ ጋለሪ ገባ። ትሬትያኮቭ ያልገዛው ሥዕል አሁን በስሙ ከሚጠራው ጋለሪ በጣም ከሚታወቁት ሥራዎች አንዱ ነው።

እርግማን አለበት ይባላል?

ይባላል። ባለቤቶቹን ሁሉ መከራ ተከትሏቸዋል የሚል ተረት አለ። የሩሲያ ባለጸጎች ከ1917 በኋላ የደረሰባቸውን ለማስረዳት ሥዕል መክሰስ አያስፈልግም።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

በቀጥታ የለም፤ በትምህርት ቤት በኩል ግን አለ። ክራምስኮይ በ1863 ጥሎት የወጣው አካዳሚ በሶቪየት ዘመን በተማሪው በኢልያ ሬፒን ስም ተሰይሟል። በዚያን ጊዜ ለሥዕል ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት ኢትዮጵያውያን መካከል ሠዓሊ ታደሰ መስፍን አንዱ ነው፤ ሌኒንግራድ (የዛሬው ሴንት ፒተርስበርግ) በዚሁ አካዳሚ ተምሮ ተመልሷል፤ በአዲስ አበባም ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። ዛሬ በዓለም የሚታወቀው በገበያ ቆመው በሚታዩ ሴቶች ሥዕሎቹ ነው። የአሣሣል ዘዬው ከክራምስኮይ በጣም የራቀ ነው፤ ውርስ ነው ለማለትም አልደፍርም። ነገር ግን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶችን ቀና አድርጎ፣ ትልቅ አድርጎ፣ ተመልካቹን ፊት ለፊት እንዲያዩ ማድረግ የእርሱም ሥራ ነው።

ሥዕሉን ለማየት የት ልሂድ? ስደርስስ ምን ልይ?

ሞስኮ፣ ላቭሩሺንስኪ መንገድ፣ ትሬትያኮቭ ጋለሪ። ሰኞ ዝግ ነው። ሥዕሎች አልፎ አልፎ ለዐውደ ርእይ ወደ ሌላ ቦታ ስለሚጓዙ ቀድሞ መጠየቅ አይከፋም።

ስትደርሱ መጀመሪያ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጥቁሩ ቅርጽ ከነጣው አየር ላይ እንዴት እንደሚለይ የሚታየው ከሩቅ ነው። ከዚያ ቀረብ በሉና አምባሩን ፈልጉ። ከሩቅ የተፈለፈለ ወርቅ የመሰለው ነገር በቅርብ ጥቂት የቢጫ ቀለም ጠብታ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሰው ሲበዛባችሁ፣ መብዛቱም አይቀርም፣ እዚያው ጋለሪ ውስጥ ያለውን የ1873 የቶልስቶይ ምስል እዩ። ቶልስቶይም እንደ ሴትየዋ አፍጥጦ ያያችኋል፤ እርሱ ግን በእናንተው ቁመት ልክ ነው የተቀመጠው።